እንደ በዓል ቀን ያዟቸው

በስማዳ በቅሎ የሚጨርሰው በሽታ የሚመጣው ዝናቡ ሊያባራ ሲል ነው። ሰው እሸት በሚጠብቅበት፣ ሜዳው ሣር በሣር ሆኖ ከብቱ ጠግቦ በሚያድርበት ሰሞን፣ ጠዋት ስትግጥ የነበረች በቅሎ ማታ የለችም። ከዓይኗ በላይ ያለው ጎድጓዳ ቦታ ያብጣል፣ ትንፋሿ ይቆራረጣል፣ ከአፍንጫዋ ነጭ አረፋ ይወርድና ትወድቃለች። የአገሩ ሰው የዓይን ነገር ነው ይል ነበር፤ በሽታው መልከ መልካሟን መርጦ የሚወስድ ይመስላልና። እኛ የተማርን ነን ባዮች ደግሞ ቫይረስ ነው፣ ከትንኝ ያነሰች ተናካሽ ናት ከአንዷ ወደ ሌላዋ የምታዛምተው እንል ነበር። ከሁለታችንም የሚያድናት አልነበረም። አንዴ ከያዛት መድኃኒት የለውም፤ ያለው ቀድሞ መከተብ ብቻ ነው።

እኔ ያኔ የእንስሳት ጤና ረዳት ሆኜ ከሥልጠና መውጣቴ ነበር። ዘመኑ የደርግ ነው፤ ከትልቁ ድርቅ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ። ትውልዴ እስቴ ነው፣ ከመካነ ኢየሱስ ወጣ ብላ ካለች ቀበሌ። አባቴ አንድ በሬ ነበረው፤ ከጎረቤት በሬ ጋር እያቀናጀ ያርስ ነበር። በቅሎ በቤታችን ቀርቶ በቅርብ ዘመዶቻችንም ዘንድ አልነበረም። በቅሎ የባለጸጋ፣ የካህንና የትልቅ ሰው ናት። ይህን የምናገረው ለሰበብ አይደለም፤ ሰበብማ በዚያን ጊዜ ብዙ ደርድሬያለሁ። የገበሬ ልጅ ነኝ፣ ሕዝቡን አውቀዋለሁ፣ በቋንቋው አነጋግረዋለሁ እያልኩ ደረቴን ነፍቼ እንደሄድኩ እንዲታወቅልኝ ብዬ ነው።

ሥራው ምርምር ነው ተብሎ ነበር የተነገረን። ከላቦራቶሪ የመጣ አንድ ክትባት ነበር። በሽታውን ምን ያህል እንደሚከላከል፣ ከተሰጠ በኋላ ደግሞ በበቅሎዎቹ ላይ ምን የጎንዮሽ ጉዳት እንደሚያመጣ በገጠር ሊሞከር ተፈለገ። የሚመሩን አንድ የእንስሳት ሐኪም ነበሩ፤ ዶክተሩ እንላቸዋለን። ቀጭን፣ ቁጥብ፣ ሲናገሩ ድምፃቸው የማይሰማ ሰው ናቸው፤ መዝገብ ላይ ስርዝ ድልዝ ካዩ ግን ያን ቀን ምሳ አይበሉም። ከወገዳ የግማሽ ቀን መንገድ የምትርቅ፣ ወደ በሽሎ ወንዝ ገደል የምታይ አንዲት ቀበሌ ተመረጠች።

የክትባቱ ነገር እንዲህ ነው። በውስጡ ያለው ያው ቫይረሱ ነው፤ እንዳይገድል ተዳክሞ። በቅሎዋ ከተወጋች ከቀናት በኋላ ሰውነቷ ከእሱ ጋር ይታገላል፣ ትኩሳት ሊይዛትም ይችላል። ካረፈች ምንም አትሆንም፤ ትኩሳቱ ያልፋል፣ እሷም ለመጪው ክረምት ትጠነክራለች። ትኩሳቱ እያለባት ከተጋለበች ወይም ዳገት ከወጣች ግን ሳንባዋ ውሃ ይሞላል። ዶክተሩ ይህን ደጋግመው ነግረውኛል። የጻፉት ወረቀትም ነበር። "እንዳለ አንብብላቸው፤ ከራስህ አንድ ቃል እንዳትጨምር" አሉኝ።

ክትባቱን የሰጠነው ጥምቀት ሳምንት ሲቀረው ነው። ሰዉ በቅሎዎቹን እየሳበ ከቤተ ክርስቲያኑ ማዶ ካለው ሜዳ ተሰበሰበ። ግማሾቹን ከተብን፤ ግማሾቹን ለማነጻጸር ሳንነካቸው ተውን። ከተከተቡት አንዷ የአንድ ቄስ በቅሎ ነበረች። ቄሱ ሸምገል ያሉ፣ ግራ ጉልበታቸው አልታጠፍ ያለ ሰው ናቸው። በደጋው ቤተ ክርስቲያን ካህናት ሞልተዋል። ከገደሉ ሥር፣ ቆላው ላይ ያለው ሌላው ቤተ ክርስቲያን ግን አንድ ቄስ ብቻ ነበረው፤ ቅዳሴ ደግሞ በአንድ ቄስ አይሆንም። ሁለተኛው እርሳቸው ነበሩ። በዚያ ጉልበት ያን ቁልቁለት በእግር ወርዶ መውጣት የማይታሰብ ስለሆነ፣ የታችኛው ደብር የሚቀደሰው በዚያች በቅሎ ነው ማለት ይቻላል። ሌላው ሰው መርፌውን አይቶ ወደ ኋላ ሲል እርሳቸው ቀድመው ስበው አቀረቧት።

"ከእኔዋ ጀምር፣ ልጄ" አሉኝ። "የኔን ስትወጋ ካዩ እነሱም ያቀርባሉ።"

እንዳሉትም ሆነ። በእርሳቸው አመኔታ ነው ሰዉ ያመነን።

ሲያበቃ ወረቀቱን አወጣሁና ማንበብ ጀመርኩ። "ከክትባቱ በኋላ በሚኖረው የአሥራ አራት ቀናት የክትትል ወቅት እንስሳቱ ከማናቸውም የጉልበት ተግባር እንዲታቀቡ" ይላል። ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። መልሼ አነበብኩት፤ ያው ነው። ከወደ ኋላ አንዱ "ይኸ ልጅ የሚያነበው አዋጅ ነው እንዴ?" ሲል ሰማሁት። ያኔ ብልህ ልሁን አልኩ። ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩና፣

"በአጭሩ፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ እንደ በዓል ቀን ያዟቸው። ለነሱ ቀኑ ሁሉ በዓል ነው" አልኳቸው።

ሳቁ። "እንዲህ በለን እንጂ!" አለ ያው ከኋላ የነበረው። ቄሱም ፈገግ ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። በዚያች ንግግሬ እንዴት እንደኮራሁ ዛሬ ሳስበው ራሴን በጥፊ መምታት ያምረኛል። በአባቴ ቤት በዓል ማለት በሬው ከቀንበር ተፈትቶ ሲያመነዥግ የሚውልበት ቀን ነው። ሌላ ነገር ሊሆን ይችላል ብዬ ለአፍታም አላሰብኩም። ዶክተሩ ራቅ ብለው ብልቃጦቹን ወደ በረዶ ሣጥኑ ይመልሱ ስለነበር ያልኩትን አልሰሙም። በማግስቱ ወደ ደብረ ታቦር ሄዱ። ከጥምቀት በኋላ እመለሳለሁ፣ አንተ ሙቀታቸውን በየቀኑ ለካ ብለው መዝገቡን አስረከቡኝ።

ሙቀት የሚለካው በየት በኩል እንደሆነ ማንም ያውቀዋል። ጠዋት ጠዋት በየደጁ እየዞርኩ የበቅሎ ጭራ ሳነሳ የሰፈሩ ሴቶች በሳቅ ይሞቱ ነበር። "ተምሮ ተምሮ እዚህ ደረሰ" ይሉኛል። እኔም አብሬ እስቃለሁ። በቅሎዎቹ ሁሉ ደህና ነበሩ። ሰዉ ውቂያ ላይ ስለነበር በቅሎዎቹ ሲግጡ ይውላሉ፤ እኔም ነገሬን ሰምተውኝ አሳረፏቸው ብዬ ደስ አለኝ። አምስት ቀን እንዲህ ለካሁ።

በስድስተኛው ቀን ጠፋሁ። ለዚህ የማቀርበው ምክንያት የለኝም። በመጀመሪያ ደመወዜ ኮት አሰፍቼ ነበር፤ ጥቁር፣ ገበር ያለው ኮት። ጥምቀት ሲመጣ ያን ኮት ለብሼ የእስቴ ሰው እንዲያየኝ ፈለግሁ፤ ሌላ ምንም አልነበረም። ወገዳ ላይ የጭነት መኪና አገኘሁና ተሳፈርኩ። በዓሉን አገሬ ዋልኩ፣ ኮቴም ታየ። አባቴ እጅጌውን በጣቱ ዳሰስ አድርጎ "ጥሩ ነው" አለ። ይህችን ሰምቼ በአራተኛው ቀን ተመለስኩ።

ስመለስ መኪናው ላይ፣ የእህል ጆንያ ላይ ተቀምጬ መዝገቡን ከፈትኩ። አራት ቀን ባዶ ነው። ዶክተሩ ባዶ ቦታ አይወዱም። እርሳሴን አውጥቼ በየበቅሎዋ ስም አንጻር ሠላሳ ስምንት ከምናምን፣ ሠላሳ ስምንት ከምናምን እያልኩ ሞላሁት። ሁሉም አንድ ዓይነት ሆኖ እንዳያስጠረጥር እዚህ ጥቂት ከፍ፣ እዚያ ጥቂት ዝቅ አደረግሁ። መኪናው ስለሚያናውጠን ጽሕፈቱ ተንቀጠቀጠ እንጂ ቁጥሩ ያምር ነበር። በዚያ ሰዓት የፈራሁት ዶክተሩን ብቻ ነው።

ቀበሌዋ ስደርስ ቄሱን ከቤታቸው ጓሮ አገኘኋቸው። በቅሎዋ ቆማለች፤ እግሮቿን አንፈራጥጣ፣ አንገቷን ወደ ፊት ዘርግታ አየር ትለምናለች። ከዓይኖቿ በላይ አብጧል። ሌሎች ሁለት በቅሎዎች ባለፈው ቀን ሞተዋል። መለኪያዬን አስገብቼ ሳወጣው ከአርባ አንድ አልፏል።

"አባ፣ ምን አደረጋችኋት?" አልኳቸው።

"ምን እናደርጋታለን? እንዳልከን ነዋ" አሉ። "እንደ በዓል ያዝናት።"

"ታዲያ አላረፈችም?"

ግራ ተጋብተው አዩኝ። "በበዓል በቅሎ ያርፋል እንዴ ልጄ? ባዘቦት እኮ ነው ሣሯን ስትግጥ የምትውል። ያቺ ሥራዋ በበዓል ነው። ለከተራ ወደ ታች ወረድኩባት፣ ለጥምቀት እዚያው ዋልኩ፣ ለቃና ዘገሊላ ወጣሁባት። በሞቱት በሁለቱ ደግሞ ሙሽራ አመጡባቸው።"

መለኪያዬን ደግሜ አየሁ። እርሳቸው ግን ያሉት ነገር ያልገባኝ መስሏቸው ቀስ ብለው አስረዱኝ። በበዓል በሬ ይፈታል፣ በቅሎ ይጫናል። ቤተ ክርስቲያን የሚኬደው፣ ማኅበር የሚበላው፣ ዘመድ የሚጠየቀው፣ ሙሽራ የሚመጣው በበቅሎ ነው። ይህን በስማዳም፣ በጋይንትም፣ በእስቴም የማያውቅ የለም፤ በቅሎ ኖሮት ከማያውቅ ሰው ቤት የወጣ አንድ ሰው ሲቀር።

"ሁለት ሳምንት በዓል ነው ስትለን ገርሞን ነበር" አሉኝ። "ተማክረን ነበር እኮ። መድኃኒቱ በደሟ እንዲዛመት ትሙቅ ማለቱ ይሆናል ተባባልን። ውቂያው ይዞን የመጀመሪያዎቹን ቀናት ሳንጭናቸው ስንቀር፣ እንዲያውም ያስቀየምንህ መስሎን ነበር።"

በቅሎዋ የሞተችው ፀሐይ ሳትጠልቅ ነው። መጀመሪያ በጉልበቷ ተንበረከከች፣ ከዚያ በጎኗ ወደቀች፤ አረፋው ከአፍንጫዋ እየወጣ ሣሩን አነጣው። ቄሱ አላለቀሱም። ልጓሟን ፈትተው በእጃቸው ጠቅልለው ያዙና "እንግዲህ ወደ ታች እንዴት ልወርድ ነው?" አሉ። የጠየቁት እኔን አልነበረም። እኔ ግን ያን ጊዜ መመለስ ነበረብኝ። አባ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው ማለት ነበረብኝ። አፌን ከፍቼ "ዶክተሩ ይመጣሉ፤ እሳቸው ያያሉ" አልኩ።

ዶክተሩ በሁለተኛው ቀን መጡ። በዚያው ጠዋት አራተኛዋ በቅሎ ሞታ ነበርና ደረቷን ከፍተው አዩ። ሳንባዋ በውሃ ተነፍቶ ነበር፤ ሲቆርጡት አረፋ ፈሰሰ። በቅሎዎቹ በበዓሉ ተጭነው እንደነበር ከሰዉ ሰምተዋል፤ እጃቸውን ታጥበው መዝገቡን ጠየቁኝ። ያን ከአርባ አንድ ያለፈውን ልኬት ሳልጽፍበት ሰጠኋቸው። በየመስመሩ ላይ ጣታቸውን እያስኬዱ ረጅም ጊዜ አዩት።

"ትኩሳት አልነበራቸውም" አሉ ለራሳቸው። "የገደላቸው ድካሙ ብቻ ነው ማለት ነው።" ከዚያ ወደኔ ዞረው፣ "ወረቀቱን አንብበህላቸዋል?"

"አዎ፣ ዶክተር። ሁለት ጊዜ።"

ውሸት አልነበረም። ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ። እውነትን በዚህ መልኩ መዋሸት የሚቻል መሆኑን የተማርኩት ያን ቀን ነው፤ ከዚያ በኋላ በሥራ ዘመኔ ብዙ ጠቅሞኛል።

ነገሩ በበቅሎዎቹ ሞት አላበቃም። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ለበላዮቹ አመለከተ፤ ከአውራጃ አንድ ካድሬ መጣ። ያን ጊዜ በዓል ስለበዛ ምርት ይጎድላል የሚል ዘመቻ ነበር፤ ካድሬው የሚፈልገውን ነገር እግዜር ራሱ ያቀበለው ያህል ደስ ብሎት መጣ። ስብሰባውንም ሆን ብሎ ለአስተርእዮ ማርያም ቀን ጠራው። ሰዉ ነጭ ልብሱን እንደለበሰ ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ መጥቶ መሬት ላይ ተቀመጠ። ዶክተሩና እኔ ከካድሬው ጎን አግዳሚ ላይ ተቀምጠናል። ቄሱ ጉልበታቸው ስለማይታጠፍ መቀመጥ አቅቷቸው በመቋሚያቸው ተደግፈው ቆመዋል።

ካድሬው ብዙ ተናገረ። የሰፊው ሕዝብ ንብረት፣ ኋላ ቀር ልማድ፣ በሃይማኖት ሽፋን የሚደረግ አሻጥር፤ ያን ጊዜ ሁላችንም በቃላችን የምናውቀውን ሁሉ ተናገረ። ከዚያ ቄሱን፣ "መንግሥት ለምርምር የከተበውን በቅሎ ለምን ጋለቡ?" አላቸው።

ቄሱ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ መለሱ። "እኛ ከታዘዝነው አልወጣንም፣ ጌታዬ። እንደ በዓል ቀን ያዟቸው ተባልን፤ እንደ በዓል ቀን ያዝን። ልጁ እዚሁ አለ፤ ጠይቁት።"

ካድሬው ወደ እኔ ዞረ። ፈገግ ብሎ ነበር። "ጓድ" አለኝ፣ "አንተ የአብዮታዊው መንግሥት ባለሙያ ሆነህ፣ ገበሬው ሁለት ሳምንት በዓል እንዲያከብር አዘዝክ?"

ጥያቄው ወጥመድ ነው፤ አውቄዋለሁ። አዎ ብል በዓል ሰባኪ ተብዬ እያዛለሁ ብዬ ፈራሁ። ይኸኛውን ፍርሃት ሰው ሁሉ ይረዳልኛል፤ ዘመኑን የኖረ ሁሉ አይፈረድብህም ይለኛል። እኔን አንቆ የያዘኝ ግን እሱ ብቻ አልነበረም። አዎ ብል ዶክተሩ ምን ማለትህ ነው ብለው ይጠይቃሉ፤ በዓሉን ሁሉ በየቀኑ እየለካሁ ነበር ያልኩ ሰው፣ በቅሎዎቹ ሲጫኑ እንዴት ሳላይ ቀረሁ? ከዚያ መዝገቡ ይወጣል፣ ከመዝገቡ ደግሞ የእስቴ ኮት ይወጣል። የፈራሁት እስር ቤቱን ያህል ያን ነው። ሰዉ ሁሉ እያየኝ ነበር። ያ ከኋላ ሆኖ "እንዲህ በለን እንጂ" ያለኝ ሰው አንገቱን አቀርቅሮ መሬቱን በጭራሮ ይጭራል።

"እኔ ያልኩት ወረቀቱ ላይ ያለውን ነው" አልኩ። "አሥራ አራት ቀን ይረፉ ነው ያልኩት። ስለ በዓል አላነሳሁም።"

ቄሱ አላቋረጡኝም። ስጨርስ "ይሁን" አሉ። ከሕዝቡ ውስጥም ማንም አፉን አልከፈተም። የሰማው ሰው ሁሉ እዚያው ተቀምጦ ነበር፤ የመንግሥት ሰው 'አልተባለም' ያለውን ነገር 'ተብሏል' ለማለት የሚደፍር ግን ጠፋ። አልወቅሳቸውም። እኔ ራሴ ያልደፈርኩትን እነሱ ለእኔ እንዲደፍሩ አልጠብቅም።

ቄሱ አሥር ቀን በማኅበሩ ጎተራ ታሰሩ። ሌሎቹ ባለ በቅሎዎች እርከን ሥራ ተፈረደባቸው። እኔ ተመሰገንኩ።

ክትባቱ ግን ጥሩ ክትባት ነበር። የሚያንገበግበኝ አንዱ ይህ ነው። በቀጣዩ መስከረም በሽታው ወደ ስማዳ ሲገባ ተከትበው በሕይወት ከተረፉት በቅሎዎች አንዷም አልታመመችም። ሌሎቹ ግን አለቁ። ለማነጻጸር ሳንነካ የተውናቸውም፣ የአጎራባች ቀበሌዎቹም። እኛ በግንቦት ክትባቱን ይዘን በየቀበሌው ብንዞር ማንም በቅሎውን አላቀረበም ነበር፤ ውሸታም የሚወጋው መርፌ ነው ተብሎ ነበር። ካድሬው ቢያስፈራራ ሰዉ በቅሎዎቹን ገደል ለገደል ደበቀ። እውነትም ብለዋል፤ ውሸታም ነው የሚወጋው። መርፌው ግን ውሸታም አልነበረም።

ዶክተሩ መጥፎ ሰው አልነበሩም። ዘገባቸውን ሲጽፉ የእኔን ቁጥሮች አምነው፣ ከክትባቱ በኋላ ትኩሳት እንዳልታየ፣ ሞቱም ባለቤቶቹ መመሪያ ባለማክበራቸው የመጣ እንደሆነ አሰፈሩ። ትኩሳት አለመታየቱ ሌላ መዘዝ አመጣ፤ ከዚያ በኋላ በወጣው ወረቀት የዕረፍቱ ጊዜ ወደ አንድ ሳምንት አጠረ። በዚያ በአንድ ሳምንት ምክንያት ሌላ ቦታ ስንት በቅሎ እንደወደቀ አላውቅም። ማወቅም አልፈለግሁ። በመሥሪያ ቤት ወረቀቱን እያባዛሁ ያደልኩት እኔው ነበርኩ።

ያን መስከረም የሞቱትን እንድቆጥር ወደዚያች ቀበሌ ተላክሁ። ቄሱን በደጋው ቤተ ክርስቲያን ደጀ ሰላም ተቀምጠው አገኘኋቸው። ከስተዋል። የታችኛው ደብር ከጥር ወዲህ የተቀደሰበት ጊዜ በጣት የሚቆጠር ነው፤ ከሌላ አገር እንግዳ ቄስ ሲያልፍ ብቻ። የታች ሰዎች ልጃቸውን ክርስትና ለማስነሳት ሕፃን አዝለው ያን ገደል ይወጣሉ። አንዴ እርሳቸውን በቃሬዛ ይዘዋቸው ወርደው ነበር፤ ሰው አስቸገርኩ ብለው ሁለተኛ እምቢ አሉ።

ሌላ ሰው አልነበረም። እግራቸው ላይ ወደቅሁ። "አባ፣ ይፍቱኝ። በእርስዎ ላይ ዋሸሁ" አልኩ። ኮቱን፣ መዝገቡን፣ ሁሉንም ነገርኳቸው። ስጨርስ በመስቀላቸው ግንባሬን ነክተው "እግዚአብሔር ይፍታህ፣ ልጄ" አሉኝ። አልዘገዩም፤ ትንሽ እንኳ አላንገራገሩም። እፎይ አልኩ። ልነሣ ስል ግን ትከሻዬን ያዝ አደረጉኝ።

"እኔስ ፈታሁህ" አሉ። "ግን ይኸ ሰው ቄሱ ዋሽቶ ልጁን ሊያስበላ ነበር ይላል። የሰሙት እንኳ ካንተ ቃል በኋላ በጆሯቸው መጠራጠር ጀምረዋል፤ ንስሐ የሚገቡልኝ ልጆቼ ናቸው እንዲህ የሚያዩኝ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ማኅበሩ ይሰበሰባል። ቆመህ በአፍህ ንገራቸው። እኔን ብለህ ሳይሆን፣ ዳግመኛ መርፌ ይዘህ ስትመጣ እንዲያምኑህ።"

"እሺ፣ አባ" አልኳቸው።

"ትመጣለህ?"

"እመጣለሁ።"

ያን ቀን ዓርብ ነበር። ቅዳሜ የቀሩትን ቆጥሬ ጨረስኩ። እሑድ የቅዳሴው ደወል ሲሰማ እኔ ወገዳ መንገድ ላይ ነበርኩ። ለሌላ እሑድ ይደርሳል ብዬ ነበር። ከዚያ ወደ ታች ጋይንት፣ አርብ ገበያ ተዛወርኩ፤ ቀጥሎ ድርቁ መጣ፤ ስለ በቅሎ የሚያስብ ሰው ጠፋ። ከዚያ ጦርነቱ። ደርግም ወደቀ፣ የገበሬ ማኅበሩም ፈረሰ፣ ካድሬውም የት እንደገባ አላውቅም። ከዚያ ወዲህ ያገደኝ ነገር አልነበረም። በየዓመቱ ጥር ሲደርስ ዘንድሮ እሄዳለሁ እላለሁ፤ ጥር ያልፋል። ዶክተሩም ጡረታ ወጥተው ሳልነግራቸው ሞቱ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት መካነ ኢየሱስ ላይ የደብረ ታቦር አውቶቡስ ስጠብቅ አንድ ጎልማሳ አጠገቤ ተቀመጠ። ስንጫወት ከየት እንደሆነ ነገረኝ። የዚያች ቀበሌ ሰው ነው። በዚያ ዘመን ገና ልጅ ስለነበር አላወቀኝም፤ ፀጉሬም ነጭ ሆኗል። እኔ ሳልጠይቀው ስለ ቄሱ አነሣ። ደግ አባት ነበሩ፣ በመጨረሻ ግን ሰዉ ትንሽ ያዝንላቸው ነበር አለኝ። ለምን አልኩት።

"ድሮ በበቅሎ ጉዳይ ዋሽተዋል ተብለው ታስረው ነበር አሉ" አለ። "እርሳቸው ግን አንድ የከብት ሐኪም መጥቶ እውነቱን ይነግራችኋል ይሉ ነበር። ቃል ገብቶልኛል፣ ይመጣል እያሉ። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰዉ ሊበተን ሲል 'እስቲ ጥቂት ቆዩ፣ ምናልባት ዛሬ ይመጣ እንደሆን' ይሉ ነበር። እስኪሞቱ ድረስ። መጀመሪያ ይቆዩላቸው ነበር፤ በኋላ ማን ይቆያል።" ትንሽ ሳቅ አለና ወደ እኔ ዞረ። "እርስዎ በከብት ሕክምና ነበርኩ አላሉኝም? ያን ሰውዬ ያውቁት ይሆን?"

"አላውቀውም" አልኩት።